ባለ 6ቱም ባለ 40ውም ስህተት ነበሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ ስለ መብራት መቆራረጥ ሲያማርሩ፣ «ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት ፊውዞች ቀጫጭን ስለሆኑ ነው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠሉት፤ ወፈር ያለ ቢገባ ችግሩ ይቀረፍ ነበር» የሚል አሳብ ሰንዝረዋል። ምሬታቸውን እጋራለሁ። መፍትሔያቸውን ሳነብ ግን ጋዜጣውን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። ያንኑ መፍትሔ ከብዙ ዓመታት በፊት በገዛ እጄ ሞክሬዋለሁና።

ለ29 ዓመታት የሠራሁት በማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች ተከላና ጥገና ላይ ነው፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት፣ ገና መሰላል ተሸካሚ ሳለሁ፣ አንድ ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ቡድናችንን እረፍት ነስቶት ነበር። በከፍተኛው ወገን 15 ኪሎ ቮልት ይቀበላል፣ በዝቅተኛው ወገን 400 ቮልት ይሰጣል። ቀን ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ ምንም አይለውም። መስመሩ በሆነ ምክንያት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ከሦስቱ ፊውዞች አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱ፣ በዚያችው ቅጽበት ተቃጥለው ይወርዳሉ። እንጠራለን፤ ሄደን እንቀይራለን፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ነው። ከቱቦው ውስጥ የሚወጣው ሊንክ (በሙያው ቀላጩን ሽቦ የምንጠራው እንዲህ ነው) ባለ 6 አምፔር ነበር። እኛም የወጣውን አይተን ያንኑ እንተካ ነበር። ማን እንደመረጠው፣ ለምን እንደመረጠው የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ሌሊት ዝናብ እየዘነበ በዚያው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራን። የቡድን መሪያችን የዕቃ ሳጥኑን ከፍተው ባለ 40 አምፔር ሊንክ አወጡና «ይህ ከእንግዲህ አያስቸግረንም» አሉ። ቱቦውን በዘንግ አንስቼ የሰቀልሁት እኔ ነኝ። እውነትም አላስቸገረንም። ለአምስት ወር ያህል ያንን ምሰሶ ረሳነው። በስድስተኛው ወር ስንጠራ የትራንስፎርመሩ የዘይት ጋን አብጦ፣ ዘይቱ በማሸጊያው ዙሪያ ተንጠፍጥፎ ደረስን። ፊውዞቹ ወርደው ተንጠልጥለዋል፤ ማለትም ሠርተዋል። የሠሩት ግን ትራንስፎርመሩ ከሞተ በኋላ ነው። አውደ ጥናት ወስደን ስንከፍተው ከሦስቱ ጥቅሎች (በብረቱ ዙሪያ ከተጠመጠሙት ሽቦዎች) አንዱ ከሰል ሆኗል፤ ሁለቱ ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጡ ይመስሉ ነበር። የዚያን ዕለት የጥቅሉን የተቃጠለ ወረቀት በጣቴ ስነካው እንደ አመድ ብትን አለ። ያ ስሜት እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቅጡ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ የሊንክ አምራቾችን የጊዜና የከረንት ሰንጠረዥ ማንበብ ስማር ነው። ለጸሐፊውም ለሌሎችም አንባቢያን ስሌቱን ላስቀምጠው፤ ከባድ አይደለም።

የትራንስፎርመሩን አቅም፣ 200 ኪሎ ቮልት አምፔርን ማለትም 200,000ን፣ በ1.732 (በሦስት ፌዝ ስሌት ቋሚ ቁጥር ነው) እና በ15,000 ብዜት ብናካፍል 7.7 አምፔር እናገኛለን። በከፍተኛው ወገን በሙሉ ጭነት የሚያልፈው ይህ ብቻ ነው። በ400 ቮልቱ ወገን ግን ያው አቅም 289 አምፔር ይሆናል። የ«ኬ» ዓይነት የሚባሉት ፈጣን ሊንኮች አብዛኞቹ ከተጻፈባቸው ቁጥር 150 በመቶውን ሳይቀልጡ ያለማቋረጥ መሸከም ይችላሉ። ስለዚህ ባለ 6 ሊንክ 9 አምፔር ይሸከማል፤ 7.7 አያስጨንቀውም። ቀን ሙሉ ዝም ማለቱ ከዚህ የተነሳ ነው።

ትራንስፎርመር ከመስመር ጋር በሚገናኝባት ቅጽበት ግን ሌላ ነገር ይከሰታል። ጭነት ባይኖረውም እንኳ የውስጡ ብረት በማግኔት ጠግቦ ለጥቂት ዑደቶች ብዙ ከረንት ይስባል። ይህንን የመነሻ ከረንት ይሉታል። ባለሙያዎች ለስሌት የሚይዙት የታወቀ ልክ አለ፤ ከሙሉ ጭነቱ 12 እጥፍ ለ0.1 ሰከንድ፣ 25 እጥፍ ደግሞ ለ0.01 ሰከንድ። ለእኛ ትራንስፎርመር 12 እጥፍ ማለት 92 አምፔር ነው። ባለ 6 የ«ኬ» ሊንክ በ0.1 ሰከንድ ለመቅለጥ የሚፈልገው ከ72 እስከ 86 አምፔር ነው። እንግዲህ መስመሩ በተመለሰ ቁጥር መቃጠሉ ምን ያስገርማል? ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነበር። ሊንኩም የተሠራለትን አድርጓል። ስህተቱ የመራጩ ነበር።

ትክክለኛው ባለ 10 «ኬ» ነበር። እሱ በ0.1 ሰከንድ ለመቅለጥ 128 አምፔር ይፈልጋል፤ 92ቱን ችሎ ያሳልፋል። የሚገርመው፣ ቁጥሩን ሳንቀይር ፊደሉን ብቻ ብንቀይር እንኳ የሌሊቱ ጥሪ ይቀር ነበር። የ«ቲ» ዓይነት ሊንክ ከ«ኬ» ይልቅ ዝግ ያለ ነው፤ ባለ 6 «ቲ» በ0.1 ሰከንድ የሚቀልጠው በ120 አምፔር ገደማ ነው። እኔ ግን ለዚያ ትራንስፎርመር ባለ 6 «ቲ» አልመርጥም ነበር፤ የሚሸከመው 9 አምፔር ከማታው ከፍተኛ ጭነት ጋር በጣም የተጠጋ ነውና። ይህንን ያነሳሁት በሊንክ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይነግር ለማሳየት ነው። ቁጥሩም፣ ፊደሉም፣ ኩርባውም (በስንት ከረንት በስንት ጊዜ እንደሚቀልጥ የሚያሳየው መስመር) አብረው ይነበባሉ።

አሁን ወደ ባለ 40ው ልምጣ፤ ልቤን የሚከብደው እሱ ነውና።

በዚያ ትራንስፎርመር መለያ ሰሌዳ ላይ 4 በመቶ የሚል የኢምፒዳንስ ቁጥር (ትራንስፎርመሩ ከረንትን ምን ያህል እንደሚገታ የሚናገር) ተጽፏል። ይህ ማለት በዝቅተኛው ወገን መውጫ ላይ ሦስቱ ፌዞች (ኃይሉን የሚያደርሱት ሦስቱ ሽቦዎች) ሙሉ በሙሉ ሾርት ቢያደርጉ፣ በጥቅሎቹ ውስጥ የሚሄደው ከረንት 100 ለ4 ሲካፈል፣ ከሙሉ ጭነቱ 25 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በከፍተኛው ወገን ሲታይ 192 አምፔር ይሆናል። እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር የ25 እጥፍ ከረንትን ሙቀት እንዲችል የሚሠራው ለ2 ሰከንድ ነው። ፊውዝ የሚመረጠው ከዚያች 2 ሰከንድ በፊት እንዲቆርጥ ነው። ባለ 10 ሊንክ በ192 አምፔር ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቀልጣል።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የሦስቱ ፌዝ ሾርት አይደለም፤ አንድ ፌዝ ከኒውትራል ወይም ከመሬት ጋር ሲነካካ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ እዚህ ቦታ ላይ ከእኔ ጋር ቀስ በሉ። አብዛኞቹ የማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች በከፍተኛው ወገን በዴልታ (ሦስቱ ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን ተያይዘው)፣ በዝቅተኛው ወገን በስታር (አንድ አንድ ጫፋቸው ኒውትራል በሚባል ነጥብ ላይ ተገናኝቶ) የታሰሩ ናቸው። በዝቅተኛው ወገን መውጫ ላይ አንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር ሾርት ሲያደርግ፣ የዚያ ፌዝ ጥቅል ሙሉውን 25 እጥፍ ይሸከማል። በከፍተኛው ወገን መስመር፣ በፊውዙ ውስጥ፣ የሚያልፈው ግን ከሦስት ፌዙ ሾርት 58 በመቶው ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ 111 አምፔር፣ ማለትም ከሙሉ ጭነቱ 14 እጥፍ ገደማ። ጥቅሉ 25 እጥፍ እየነደደ ፊውዙ 14 እጥፍ ብቻ ይሰማዋል። የታመመው ሰውዬ ይጮኻል፤ በር ላይ ለቆመው ጠባቂ የሚደርሰው ግን ግማሽ ድምፅ ነው።

ባለ 10 ሊንክ ቢሆን ኖሮ በ111 አምፔር አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይቆርጥ ነበር። ባለ 40 «ኬ» ሊንክ ግን በ10 ሰከንድ ለመቅለጥ ከ98 እስከ 146 አምፔር ይፈልጋል። 111 የሚወድቀው በዚያ መካከል ነው። ጥቅሉ የሚችለው 2 ሰከንድ፣ ጠባቂው የሚነቃው ወደ 10 ሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ነው። አንዱ ጥቅል ከሰል ሆኖ ሁለቱ ንጹህ የሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው። እኔ የሰቀልሁት ሊንክ ትራንስፎርመሩን ሳይሆን ራሱን ነበር የሚጠብቀው።

ጸሐፊው «ወፈር ያለ ይግባ» ሲሉ ያሰቡት ምናልባት ፊውዝ የሚቃጠለው ሰው ብዙ መብራት ስለተጠቀመ ነው ብለው ይመስለኛል። ይህ በብዙዎች ዘንድ ያለ እምነት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ውስጥም ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። እውነታው ግን ሌላ ነው። ባለ 10 «ኬ» ሊንክ በ300 ሰከንድ ውስጥ ለመቅለጥ እንኳ 19.5 አምፔር ይፈልጋል። ይህ ለእኛ ትራንስፎርመር ከሙሉ ጭነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ 40 በመቶ ተጭኖ በየምሽቱ ቢንገላታ፣ ከላይ የተሰቀለው ፊውዝ ምንም አያውቅም። የማወቅ ግዴታም የለበትም። የተቀመጠው ለሾርትና ለውስጥ ብልሽት ነው፤ እንዲሁም አንድ የታመመ ትራንስፎርመር መላውን መስመር ይዞ እንዳይጠፋ ነው። የጭነት ጥበቃ የታችኛው ወገን ሥራ ነው።

በታችኛው ወገንም ቢሆን መዘናጋት የለበትም። ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውለው የ«ጂጂ» ዓይነት ፊውዝ ከስያሜው 1.25 እጥፍ ቢያልፍበት በተወሰነለት የመፈተኛ ሰዓት ውስጥ አይቀልጥም፤ በዚያው ሰዓት ውስጥ እንዲቀልጥ የሚገደደው በ1.6 እጥፍ ነው። ሰዓቱ ለባለ 160 አምፔር 2 ሰዓት ነው። አንድ ትራንስፎርመር በሁለት መውጫ መስመሮች፣ በእያንዳንዱ ባለ 160 ፊውዝ ቢያገለግል፣ ሁለቱ መስመሮች 200፣ 200 አምፔር እየወሰዱ ፊውዞቹ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ያ 400 አምፔር ነው፤ የእኛ ትራንስፎርመር አቅም 289 ነው። ስለዚህ ፊውዝ ብቻውን አያድንም። ሰው በማታው ከፍተኛ ሰዓት ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ይዞ ሄዶ ሦስቱንም ፌዝ መለካት አለበት። ለዚሁ ሲባል የተሠራ፣ በአምፔር ሳይሆን በትራንስፎርመሩ ኪሎ ቮልት አምፔር የሚሰየም «ጂ ቲ አር» የሚባል የዝቅተኛ ቮልቴጅ ፊውዝም አለ፤ በሚገኝበት ሁሉ ብመርጠው ደስ ይለኛል። የትራንስፎርመር ጥቅል በዘይት የተነከረ ወረቀት ለብሷል። በተለመደው ወረቀት፣ በጣም የሚሞቀው የጥቅሉ ነጥብ ከ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለፈ ቁጥር፣ በየ6 ዲግሪው የወረቀቱ የእርጅና ፍጥነት በእጥፍ ይጨምራል። ከመጠን ያለፈ ጭነት የሚገድለው ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ነው።

የላይኛውና የታችኛው ፊውዝ እርስ በርሳቸው መናበብም አለባቸው። በታች መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት የዚያው መስመር ፊውዝ ነው፤ አለበለዚያ የአንድ ሠፈር ስህተት ሁሉንም ያጨልማል። ሁለቱን ለማነጻጸር የታችኛውን ከረንት ወደ ላይኛው ወገን መለወጥ ያስፈልጋል። ለ15 ኪሎ ቮልትና ለ400 ቮልት ምጣኔው 37.5 ነው፤ ታች 375 አምፔር ማለት ላይ 10 አምፔር ማለት ነው። እንግዲህ የታችኛው ፊውዝ ቆርጦ የሚጨርስበት ረጅሙ ጊዜ፣ የላይኛው መቅለጥ ከሚጀምርበት አጭሩ ጊዜ ከ75 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ ይመረጣል። የቀረችው 25 በመቶ ለሙቀት፣ ለእርጅና፣ ቀደም ሲል ለተሸከመው ጭነት የምትተው ናት። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለትራንስፎርመር የሚሆኑ የከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዞች አመራረጥን የሚመለከት ራሱን የቻለ መመሪያ አለው፤ ቁጥሩ 60787 ነው። በየጥገና ቢሮው መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይገባል እላለሁ።

ከልክ ሌላ ዓይነትም አለ። በምሰሶ ላይ የምናያቸው፣ ሲቃጠሉ ቱቧቸው ወርዶ የሚንጠለጠል ፊውዞች ቅስት እሳቱን የሚያጠፉት በጋዝ ነው። ሊንኩ ሲቀልጥ የሚፈጠረው ቅስት የቱቦውን የውስጥ ሽፋን ያነድዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ በታች በኩል እየተፈናጠረ እሳቱን ይጠርገዋል። በዝግ ክፍል ውስጥ ባሉ ትራንስፎርመሮች ላይ ግን በአብዛኛው የሚገቡት የሸክላ ሲሊንደር ያላቸው፣ በውስጣቸው የብር ክርና የኳርትዝ አሸዋ የታጨቀባቸው ናቸው። እነዚህ ከባድ ሾርትን ገና ጫፉ ላይ ሳይደርስ በመቁረጥ የሚወዳደራቸው የለም። ደካማ ጎን ግን አላቸው፤ «ባክ አፕ» የሚባሉት ዓይነቶች ለመቁረጥ የሚችሉት ዝቅተኛ ከረንት አላቸው። ከዚያ በታች ክሩ ቢቀልጥም ቅስቱን ማጥፋት አይችሉም፤ ሲሊንደሩ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከጫፋቸው ተስፈንጥሮ የሚወጣ ፒን አላቸው፤ ፒኑ ማብሪያ ማጥፊያውን መትቶ ሦስቱንም ፌዝ ያስከፍታል።

አንድ ጊዜ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሲሊንደሩ የተሰነጠቀ፣ ግድግዳው ጥቁር የለበሰ ክፍል እንድመለከት ተጠርቼ ነበር። የፊውዙ ልክ ትክክል ነው። ዓይነቱ ትክክል ነው። ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ስህተት አጣሁ። በኋላ የቀሩትን ሁለት ፊውዞች ሳወጣ ገባኝ። ሦስቱም ተገልብጠው ነበር የተሰኩት፤ ፒኑ ማብሪያ ማጥፊያውን ወደሚመታው ክንድ ሳይሆን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይመለከት ነበር። በሲሊንደሩ ላይ ቀስት ታትሟል። ማንም ቀስቱን አላየም። ከዚያ በኋላ ያሠለጠንኋቸው ወጣቶች ሁሉ ፊውዝ ሲያስገቡ ቀስቱን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደርግ ነበር።

በዚህ ዓይነት ላይ የቮልቴጁም ነገር ይታሰብ። ለምሰሶው ዓይነት ፊውዝ ከመስመሩ የበለጠ የቮልቴጅ ስያሜ ያለው ቢገባ ብዙም ጉዳት የለውም። የአሸዋ ፊውዝ ግን ከረንቱን በኃይል ሲያንቅ የራሱን ቮልቴጅ ይፈጥራል። ለ36 ኪሎ ቮልት የተሠራውን በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ቢሰኩት፣ በሚቆርጥበት ቅጽበት መስመሩ ላይ ያሉትን የመብረቅ መከላከያዎችና የመከላከያ ሽፋኖች ሊጎዳ የሚችል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወረውራል። «ትልቁ ይሻላል» የሚለው አሳብ እዚህም ያሳስታል። ደግሞም ከእጅ ወድቆ መሬት የመታ የአሸዋ ፊውዝ አይሰካ፤ ክሩ ከውስጥ መሰንጠቁን ማንም በዓይኑ አያየውም።

በሊንክ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ስለሚያስሩት ደግሞ ምን ልበል። ብሪታንያዊው መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በእሱ መሠረት 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በአየር ላይ የሚቀልጠው በ80 አምፔር ገደማ ነው። ለእኛ ትራንስፎርመር ይህ ከሙሉ ጭነቱ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። እውነተኛው ሊንክ ትንንሽ ከረንትን ለማጥፋት የሚረዳ የራሱ ቀጭን የውስጥ ቱቦ አለው፤ የመዳብ ሽቦ ያንን አይሰጥም። ሽቦ ታስሮበት ተቀዶ ከተከፈተ ቱቦ በታች ቆሞ የነበረ የሥራ ባልደረባ ፊቱ ሲቃጠል አይቻለሁ። የዓይኑ ብርሃን ግን ተርፎለታል።

የጸሐፊው አሳብ በከፊል እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን መሸሸግ ተገቢ አይደለም። በጣም ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ላይ፣ ለምሳሌ ባለ 25 ኪሎ ቮልት አምፔር በ15 ኪሎ ቮልት ላይ፣ ሙሉ ጭነቱ 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። በስሌት ብቻ ከሄድን ባለ 1 ወይም ባለ 2 ሊንክ እንመርጣለን። እንደዚህ ያሉ ክሮች ቀጫጭን ስለሆኑ በመብረቅ ግፊት ብቻ ይበጠሳሉ፤ ትራንስፎርመሩ ምንም ሳይሆን ሰው በጨለማ ያድራል። እዚህ ላይ ከስሌቱ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት፣ ወይም ዝግ ያለውን የ«ቲ» ዓይነት መምረጥ ተገቢ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ከፍ የሚባለው ወረቀት ላይ ተሰልቶ፣ የጥቅሉ 2 ሰከንድ እንዳልተነካች ተረጋግጦ ነው። የመብረቅ መከላከያው የሚሰቀልበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ከፊውዙ በታች፣ ከትራንስፎርመሩ ጋን ጋር ከታሰረ የመብረቁ ከረንት በፊውዙ ውስጥ አልፎ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ከፊውዙ በላይ ከታሰረ ፊውዙ ይተርፋል፣ የግንኙነቱ ሽቦ ግን ስለሚረዝም ለትራንስፎርመሩ የሚሰጠው ጥበቃ ይቀንሳል። ባለሙያዎች በዚህ ይከራከራሉ። እኔ ከጋኑ ጋር አጥብቆ ማሰሩን እመርጣለሁ፤ ሊንክ ይተካል።

ለአንባቢያን አንድ ጠቃሚ ምልክት ልንገር። በዴልታ እና ስታር ትራንስፎርመር ላይ ከላይ አንዱ ፊውዝ ብቻ ሲቃጠል፣ በታች በኩል አንዱ ፌዝ ሙሉ ቮልቴጁን ይዞ ይቆያል፤ ሁለቱ ወደ ግማሽ ይወርዳሉ። የአንዱ ቤት መብራት ደምቆ የጎረቤቱ እንደ ኩራዝ ቢደበዝዝ፣ የሚያጠራጥረው ይህ ነው። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ወዲያው ይጥፋ፤ በግማሽ ቮልቴጅ የቆመ ሞተር መዞር አቅቶት ጥቅሉን ያቃጥላል። ሠራተኞቹም አንዱን ብቻ ቀይረው አይሂዱ። አብሮት ሾርቱን ያሳለፈው የጎረቤቱ ሊንክ ግማሽ ቀልጦ፣ ላዩ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ያለ ምክንያት ይወድቅና እንደገና «ቀጭን ስለሆነ ነው» ይባላል። ሦስቱም ይቀየሩ። ከመሰቀላቸው በፊትም ትራንስፎርመሩ በሜገር (የመከላከያ ሽፋን ጤንነት መለኪያ) ይፈተሽ፤ ምን እንዳቃጠለው ሳያውቁ አዲስ ሊንክ መስቀል ሾርቱን ድጋሚ መመገብ ነው።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ምሰሶ ላይ፣ ሰው ከታች ቆሞ በሚያነበው ፊደል፣ የሊንኩ ቁጥርና ዓይነት ይጻፍ፤ «10 ኬ» ብሎ በቀለም መጻፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተፈላጊዎቹ ልኮች ሳይጎድሉ ይገኙ፤ ያን ሌሊት የቡድን መሪያችን ክፉ ሰው ስለነበሩ አልነበረም ባለ 40ውን ያወጡት፤ ሳጥኑ ውስጥ ከ6 ቀጥሎ የነበረው 40 ብቻ ስለሆነ ነው። በሌሊት ልክ የተለወጠ ሊንክ ካለ፣ የለወጠው ሰው በመዝገብ ላይ ይጻፈውና በማግስቱ ትክክለኛው ይተካበት። ትራንስፎርመሩ ተነሥቶ በሌላ አቅም ሲተካም ሊንኩ አብሮ ይታሰብ፤ የ200ው ሊንክ ከ100ው ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት መቆየቱን ደጋግሜ አይቻለሁ።

የጋዜጣችሁንም ዘጋቢዎች አንድ ነገር እለምናለሁ። ትራንስፎርመር ተቃጠለ የሚል ዜና ስትሠሩ ሁልጊዜ የምታወጡት «ከአቅም በላይ በሆነ ጭነት» የሚለውን ማብራሪያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። በላይኛው ወገን ስንት ቁጥር፣ ምን ዓይነት ፊውዝ ተሰቅሎ ነበር? ማንስ መረጠው?

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የትራንስፎርመር ጥገና ባለሙያ